ለድሬ ልጆች ከዋንጫው በፊት ቅዳሜውን

ክረምት ሲገባ በድሬዳዋ የልጆች እግር ኳስ ይሞቃል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የሰፈር ቡድኖች መለያ ያሰፋሉ፣ ሳቢያን ከገንደ ቆሬ፣ ለገሃሬ ከመጋላ ይገናኛል፣ ጥላ ያለበት የሜዳ ጠርዝ ሁሉ በተመልካች ይሞላል። በፍጻሜው ቀን አንድ የክብር እንግዳ ዋንጫ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ድሬ የተሰጥኦ ምንጭ ስለመሆኗ ንግግር ይደረጋል። መስከረም ሲጠባ ሜዳው ጭር ይላል። በሐምሌ ሦስት ተከላካይ አታልሎ ግብ ያስቆጠረው የ13 ዓመት ልጅ በኅዳር የት፣ ከማን ጋር፣ በማን ሥር እንደሚጫወት የሚመዘግብ የለም።

የድሬዳዋ የልጆች ኳስ ችግር ከዚህ ይጀምራል። ለልጆቹ በአብዛኛው የሚደርሳቸው ውድድር ነው እንጂ ሊግ አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ልዩነታቸው ግን የአንድን ልጅ ዕድል የሚወስን ነው።

ሂሳቡ ራሱ ይናገራል። 16 ቡድኖች የሚካፈሉበት የጥሎ ማለፍ ውድድር ከመጀመሪያው ቀን እስከ ፍጻሜው 15 ጨዋታ ብቻ ነው ያለው። ስምንቱ ቡድኖች አንድ ቀን ተጫውተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በአማካይ ለአንድ ቡድን ሁለት ጨዋታ እንኳ አይደርሰውም። አራት ጊዜ የሚጫወቱት ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በምድብ ቢከፋፈል ቁጥሩ ትንሽ ይሻሻላል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ጨዋታ ይበልጥ የሚያስፈልገው ደካማው ልጅ ቀድሞ ይሰናበታል፣ ቀድሞውኑ የበረታው ደግሞ ተጨማሪ ጨዋታ ያገኛል። ትምህርት ቤት እንዲህ ቢሠራ፣ የመጀመሪያውን ፈተና የወደቀ ተማሪ ሁሉ ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይላክ ነበር።

ጥሎ ማለፍ አሰልጣኙንም ያበላሸዋል። ዛሬ ከተሸነፈ ነገ የለውም። ስለዚህ ቁመቱ የረዘመውን፣ ጺሙ ማቀምቀም የጀመረውን ልጅ ያሰልፋል። ዘግይቶ የሚያድገው፣ ኳስ ግን በእግሩ የሚያወራው ትንሹ ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀራል። ዕድሜ መቀነስም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ባዘጋጀችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ መመርመር የጀመረው፣ የዕድሜ ማጭበርበር በወረቀት ብቻ የማይቆም ስለሆነ ነው። አንድ ዋንጫ ብቻ ባለበት ውድድር የሁለት ዓመት ውሸት ብዙ ያተርፋል። ረጅም ሊግ ባለበት ግን ልጁ በየሳምንቱ በሰው ፊት ስለሚታይ፣ የትናንት ዕድሜውም በመዝገብ ስለሚቀመጥ ውሸቱ ቶሎ ይገለጣል።

ባቡርና ጥጥ የሠሩት ቡድን

ድሬዳዋ ስለ ኳስ የምትመከር ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማ ከሐዲዱ ጋር ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ የውጭ ሰውና የውጭ ጨዋታ ተቀብላለች። ፋብሪካዎቿ ደግሞ ቡድን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1965 ባሉት ስድስት የውድድር ዘመናት የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ኮተን አራት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ኢትዮ ሲሚንቶም በዚያው ዘመን ዋንጫ አንስቷል። ኮተን እ.ኤ.አ. በ1983 አምስተኛውን ጨምሯል። የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ1965 አክራ ላይ ሲደረጉ፣ ከቀሩት አራት የአህጉሩ ክለቦች አንዱ የድሬዳዋው ኮተን ነበር። በግማሽ ፍጻሜው በማሊው ስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸነፈ። አንድ የፋብሪካ ቡድን ከአፍሪካ አራቱ ውስጥ መግባቱ ዛሬ ተረት ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የኮተንን መለያ የለበሰ ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ኢትዮጵያ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫዋን ስታስተናግድ ድሬዳዋ የአንድ ምድብ ከተማ ነበረች፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ዛየርና ሱዳን እዚህ ተጫውተዋል። ሞሮኮም ከዚህ ተነስታ የዋንጫው ባለቤት ሆናለች። ከዚያም ወዲህ ከተማዋ አልመከነችም። ድሬዳዋ የተወለደው ዮርዳኖስ ዓባይ እ.ኤ.አ. በ2001 አርጀንቲና በተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ለኢትዮጵያ ተሰልፏል። በአንድ የፕሪሚየር ሊግ ዘመን ያስቆጠራቸው 24 ግቦችም በ2009 ዓ.ም. ጌታነህ ከበደ 25 አድርሶ እስኪያሻሽለው ድረስ ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ይነሳል። ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነው፤ ኮተንም ከውጭ ተጫዋች ያመጣ ነበር፤ ታዲያ ዛሬ የከተማው ክለብ ተጫዋች ቢገዛ ምን ክፋት አለው? ልዩነቱ በሚመጣው ሰው ላይ አይደለም፤ ከመጣ በኋላ በሚኖረው ኑሮ ላይ ነው። የፋብሪካ ቡድን ተጫዋች በአብዛኛው የፋብሪካው ሠራተኛም ነበር። ደመወዙ ከሥራው፣ ቤቱ ከሰፈሩ፣ ልምምዱ ከልጆች ዓይን አይርቅም ነበር። አርጅቶ ኳስ ሲያቆም ከተማው ውስጥ ይቀራል፤ የሰፈር ልጆች ሰብስቦ ያሰለጥናል። ዛሬ ግን የአንድና የሁለት ዓመት ውል ፈርሞ የመጣ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ለከተማዋ የሚቀራት የደረሰኝ ግልባጭ ነው።

ገንዘቡ የሚሄድበት

የኢትዮጵያ ክለቦች አብዛኞቹ የሚኖሩት በከተማና በክልል አስተዳደሮች በጀት ነው፤ ይህ ምስጢር አይደለም። ለ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተስማምተው የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከማስቀመጥ የደረሱት ወጪው ከአቅም በላይ ስለሆነባቸው ነው። ጣሪያውን በጓሮ በር ማለፍ ወዲያው መጀመሩንም ስፖርቱን የሚከታተል ሁሉ ሰምቷል። የፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከዲኤስቲቪ ጋር የአምስት ዓመት የ22.5 ሚሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን ውል ሲፈራረም ብዙዎች ነገሩ ይለወጣል ብለው ነበር። ገንዘቡ ክለቦችን ትንሽ አስተነፈሰ። ወደ ልጆች ሜዳ የወረደው ግን በዓይን አይታይም።

ሂሳቡን በቀላሉ ማየት ይቻላል። ያ የ50,000 ብር ጣሪያ፣ የአንድ ተጫዋች የአንድ ወር ደመወዝ ማለት ነው፣ ለ18 የልጆች አሰልጣኞች ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ በወር ከ2,700 ብር በላይ ይደርሰዋል። ይህ ደመወዝ አይባልም። ዛሬ ከኪሱ ውኃና ኳስ እየገዛ በነጻ ለሚያሰለጥን የሰፈር አሰልጣኝ ግን የትራንስፖርትና የቁርስ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተማው ያውቅሃል የሚል መልእክት ነው። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" ይባላል። በጀት የለም የሚለው መልስ ለአንድ አጥቂ ፊርማ ሲሆን ለምን እንደማይሰማ ከተማዋ መጠየቅ አለባት።

ከማይመስል ስፖርት የሚገኝ ትምህርት

ሊግ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ከእግር ኳስ ራቅ ማለት ይጠቅማል። ቦውሊንግ በኢትዮጵያ የሚታወቀው በአዲስ አበባ መዝናኛ ማዕከላት ነው፤ ከባድ ኳስ በለስላሳ ወለል ላይ አንከባልሎ በጠርሙስ ቅርጽ የቆሙ 10 ፒኖችን መጣል ነው። በአሜሪካ ግን ይህ ጨዋታ ለልጆች ሙሉ የሊግ ሥርዓት አለው። ልጆች በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቡድናቸው ጋር ይገናኛሉ። የዚህ ሥርዓት ሦስት ነገሮች ለድሬዳዋ ይሆናሉ።

አንደኛው፣ ሁሉም ልጅ ይጫወታል። በረድፉ የገባ ልጅ ጎበዝም ይሁን ደካማ 10ሩን ዙር ይወረውራል። በአራተኛው ዙር ስለሳተ ወንበር ላይ አይቀመጥም።

ሁለተኛው፣ መዝገብ አለ። የእያንዳንዱ ልጅ ውጤት በየሳምንቱ ተጽፎ አማካዩ ይወጣል፤ ደካማው ከብርቱው ጋር እንዲወዳደርም የማካካሻ ነጥብ ይሰጠዋል። ለምሳሌ መነሻው 200፣ ማካካሻው 90 በመቶ በሆነበት ሊግ፣ አማካዩ 110 የሆነ ልጅ 81 ነጥብ ይጨመርለታል፤ አማካዩ 160 የሆነው 36 ብቻ ያገኛል። በዚህ ሂሳብ የሚያሸንፈው ከትናንት ራሱ የተሻለው ልጅ ነው። እግር ኳስ ውስጥ ይህን ቀመር እንዳለ ማስገባት አይቻልም፤ ሐሳቡን ግን ማስገባት ይቻላል፦ ልጅን ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ብቻ ሳይሆን ካለፈው ወር ከራሱ ጋር መለካት።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። በአሜሪካ የቦውሊንግ ማኅበር ሥር ልጆች በውድድር የሚያሸንፉት የትምህርት ሽልማት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአደራ ሒሳብ ይቀመጣል፤ የሚወጣውም ለኮሌጅ ክፍያ ነው። ወላጅ አይነካውም፣ አሰልጣኝ አይካፈለውም። በድሬዳዋ የልጆች ፍጻሜ ላይ የሚሰጠው ገንዘብና ዋንጫ ግን በማግስቱ የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም።

አሜሪካውያን ራሳቸው የሊግን ዋጋ የተረዱት ሲያጡት ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ሊቁ ሮበርት ፑትናም እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጽሑፍ፣ ከ1980 እስከ 1993 ቦውሊንግ የሚጫወተው ሰው በ10 በመቶ ሲጨምር በሊግ የሚጫወተው በ40 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ጨዋታው አልቀረም። የቀረው በየሳምንቱ ከማያውቁት ሰው ጋር ተገናኝቶ የመተዋወቅ ልማድ ነው። ፑትናም ከዚህ ተነስቶ የአንድን ማኅበረሰብ መተማመን መላላት አብራርቷል።

ይህ ለድሬዳዋ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪኛ በአንድ ገበያ የሚነገርባት፣ በፍቅሯ የምትታወቅ ከተማ ባለፉት ዓመታት ሰፈር ከሰፈር፣ ብሔር ከብሔር የተጋጨባቸውን ቀናት አይታለች። ሁለት ሰፈሮች በዓመት አንድ ጊዜ፣ በፍጻሜ ቀን፣ በጥሩምባና በፉከራ ሲገናኙ ጨዋታው በድንጋይ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። እነዚያው ልጆች በወር ሁለት ሦስቴ በአንድ ሜዳ ቢውሉ ግን ስም ለስም ይተዋወቃሉ፤ የሳቢያኑ ልጅ የገንደ ቆሬውን ግብ ጠባቂ በቅጽል ስሙ ይጠራዋል። ሰው በስሙ በሚያውቀው ልጅ ላይ ድንጋይ ለማንሳት ይከብደዋል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለው ተረት በጥጥ ከተማ እንዲህ ነው የሚፈታው።

ምን ይደረግ?

የሚያስፈልገው ነገር ትልቅ አካዳሚ አይደለም። ድሬዳዋ ለረጅም ዘመን 9 የከተማ ቀበሌዎች ነበሯት፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። እያንዳንዱ ቀበሌ ከ13 ዓመት በታችና ከ15 ዓመት በታች አንድ አንድ ቡድን ቢያቋቁምና በደርሶ መልስ ቢጫወቱ፣ ለአንድ ዕድሜ 72 ጨዋታ፣ ለሁለቱ 144 ጨዋታ ይሆናል። እያንዳንዱ ቡድን 16 ጊዜ ይጫወታል። ይህ ከላይ በጥሎ ማለፉ ከታየው አማካይ ስምንት እጥፍ ይበልጣል። አንድ ቡድን 18 ልጅ ቢይዝ 324 ልጆች ቋሚ ቅዳሜ ያገኛሉ። 18 ሳምንት ይፈጃል፤ ከጥቅምት ተጀምሮ ለፈተናና ለበዓል እያረፈ በመጋቢት ያልቃል። ቀጥሎ የሴት ልጆች ሊግ ይመጣል፤ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ክለብ ያላት ከተማ ለሴት ልጆቿ ሜዳ የማትሰጥበት ምክንያት የላትም።

ሰዓቱ ለድሬ ሙቀት መስማማት አለበት። ትንንሾቹ ቅዳሜ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ትልልቆቹ ፀሐይ ስትበርድ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ቢጫወቱ ይበቃል። ለትልልቆቹ የተመረጠው ሰዓት በአጋጣሚ አይደለም። በድሬዳዋ የ15 ዓመት ልጅ ከሰዓት በኋላ የሚሄድበት ካጣ በርጫ ላይ ቦታ የሚለቅለት አያጣም። ምክርና ስብከት ከዚያ አላስነሳውም። ቡድኑ እየጠበቀው መሆኑን ማወቁ ግን ሊያስነሳው ይችላል።

ሦስት ደንቦች ቢጨመሩ ሊጉ ሊግ ይሆናል። የተመዘገበ ልጅ ሁሉ ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ ይጫወት። ዕድሜ በልደት ምስክር ወረቀት ይረጋገጥ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ስለተጀመረ ያኔ የተወለዱት አሁን 10 ዓመት ገደማ ደርሰዋል፤ ከትንንሾቹ ቢጀመር ወረቀቱ ከልጆቹ ጋር ያድጋል። ሽልማቱ ደግሞ ደብተር፣ ታኬታና በልጁ ስም የተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ ይሁን፤ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ በዚያ ሳምንት አይሰለፍ።

ሜዳው የት አለ የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ከሁሉም የከበደው ተቃውሞም ይህ ነው። እንደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ የሰፈር ሜዳ በግንባታ እየተበላ ነው። ሜዳ ያጡ ልጆች ወደ ደቻቱ አሸዋ ይወርዳሉ። ደቻቱ ደግሞ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከደጋ በመጣ ጎርፍ የሚሞላ ወንዝ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ቀጥፏል። የልጆች ውድድር የሚሞቀው በክረምት፣ ጎርፉ የሚመጣውም በክረምት ነው። ስለዚህ የሜዳ ጥያቄ የመዝናኛ ጉዳይ ተብሎ ወደ መጨረሻ የሚገፋ አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቅጥር ግቢ ቅዳሜ ተቆልፎ ይውላል። አራት ግቢዎች ቢከፈቱ የሊጉ ሜዳ ተገኘ ማለት ነው። የሚፈለገው የአንድ ቢሮ ደብዳቤና የጥበቃ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ተሰጥኦ ራሱ ይወጣል የሚለው ነው። ዮርዳኖስ ዓባይ ያለ ሊግ ወጣ ይባላል። አንድ ልጅ ከእሾህ መካከል ሲበቅል የሚታየው እሱ ብቻ ነው፤ እሾሁ ያነቃቸው አይቆጠሩም። ደግሞም ሊጉ የሚለካው በሚያወጣው ኮከብ ብቻ አይደለም። ከ324ቱ ልጆች አንድም ለፕሪሚየር ሊግ ባይደርስ እንኳ፣ 324 ልጆች ለስድስት ወር ቅዳሜያቸውን ያወቀላቸው፣ ስማቸውን የጻፈላቸው፣ ሲቀሩ የጠየቃቸው ሰው አገኙ ማለት ነው።

የክረምቱ ዋንጫ ይቅር አይባልም፤ የሰፈር ደስታ ነውና ይቀጥል። ግን የዓመቱ መዝጊያ እንጂ የዓመቱ ሁሉ ነገር መሆን የለበትም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚባለው ለእንዲህ ያለ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ዋንጫ ለመስጠት ወደ ሜዳ የሚወርደው የክብር እንግዳ ንግግሩን ከመጀመሩ በፊት ከፊቱ የተሰለፉትን ልጆች አንድ ነገር ብቻ ቢጠይቅ ይበቃል፦ የሚቀጥለው ጨዋታችሁ መቼ ነው? መልሱ የመጪው ቅዳሜ ቀንና ሰዓት ከሆነ ንግግሩን ይቀጥል። መልሱ ዝምታ ከሆነ ግን ስለ ተሰጥኦ ምንጭነት መናገሩን ትቶ የትምህርት ቤቶቹን ቁልፍ ይዞ ይምጣ።